ከማይኩ በፊት ክፍሉ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመቅዳት

ድሬዳዋ ላይ ለቤት ስቱዲዮ ገንዘብ የቆጠበ ሰው የመጀመሪያውን ብር ለፍራሽና ለወፍራም ብርድ ልብስ ቢያወጣ ይሻለዋል። ማይክ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ወጣቱ ታይዋን ገበያ ይገባል፣ ወርቃማ ወንፊት ያለው ትልቅ ማይክ ያምረዋል፣ ገዝቶ ባዶ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ይተክለዋል። የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያዳምጥ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። «ማይኩ አይረባም» ብሎ ሌላ ይገዛል። ሁለተኛውም የሚቀዳው ያንኑ ክፍል ነው፤ የማይኩ ጥራት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ክፍሉን ይበልጥ አጥርቶ ያሰማል።

የቤት ቅጂ ዕድል የሚወሰነው ድምፁ ማይኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ባሉት ነገሮች ነው ብዬ አምናለሁ፤ በክፍሉ፣ በሰዓቱና በመብራቱ። የዕቃ ምርጫውንም በእነሱ በኩል ነው የማየው። ሌላ አገር ተቀምጦ የተጻፈ የማይክ ዝርዝር የግንቦትን ሙቀት፣ የባጃጁን ጩኸት፣ የመብራቱን መቆራረጥ አያውቅም። እኛ ግን በየቀኑ አብረናቸው ነን።

ክፍል ላይ ሁለት ችግሮች አሉ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያደባልቃቸዋል። አንዱ ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ነው። ይህን የሚያቆመው ክብደት ነው፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድ በር፣ ክፍተቱ የተደፈነ መስኮት። ሌላው ከውስጥ የሚያስተጋባው ነው፤ ይህን ደግሞ የሚውጠው ለስላሳና ወፍራም ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ባጃጁን አያስቀረውም። ወፍራም ድንጋይም ብቻውን ማስተጋባትን አያጠፋም።

የእንቁላል ትሪ ለሁለቱም አይሆንም። ስስ ካርቶን ነው፤ ክብደትም ውፍረትም የለውም። ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ይቀንስና መካከለኛውንና ወፍራሙን እንዳለ ይተወዋል፤ ውጤቱ የታፈነ፣ ግን አሁንም የሚያስተጋባ ቅጂ ነው። በዚያ ላይ እሳት በቀላሉ ይይዘዋል፤ ኤክስቴንሽንና ቻርጀር በሞላበት ክፍል ውስጥ እንዲሰቀል አልመክርም።

ነገሩ የሞገድ ርዝመት ጉዳይ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 1,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 1,000 ንዝረት) ላይ አንዱ ሞገድ 34 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ 100 ኸርዝ ላይ ደግሞ 3.4 ሜትር። 2 ሴንቲሜትር ስፖንጅ የሚይዘው የ«ስ» እና የ«ሽ» አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። የወንድ ድምፅ ሙላቱን የሚያገኝበት ከ100 እስከ 300 ኸርዝ ያለው ክፍል ሳይነካ ያልፋል። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ነገር ከግድግዳው ሌላ 10 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ሲቆም ግን ወደዚያ ወርዶ መሥራት ይጀምራል። ያ አየር የገባበት ክፍተት ምንም አያስወጣም፣ ጥቅሙ ግን የፍራሹን ያህል ነው።

ርዝመቱም ስፋቱም ከፍታውም ሦስት ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል ክፉ ነው። ሦስቱም አቅጣጫዎች 57 ኸርዝ ላይ አብረው ይጮኻሉ፣ ቀጥሎ 114 ላይ፣ ከዚያ 171 ላይ። ቤዝ ጊታር እዚያ ሲቀዳ ወይም በድምፅ ማጉያ ሲደመጥ አንዱ ኖታ ያብጣል፣ ቀጣዩ ይጠፋል። ምርጫ ካለ ርዝመቱና ስፋቱ የተለያየውን ክፍል ያዙ። ከዚራ አካባቢ ያሉት የድሮ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ወፈር ያለ በመሆኑ ከአዲሱ የብሎኬት ሰርቪስ ቤት ይሻላሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ኮርኒስ መኖሩ ግድ ነው። እንዲያም ሆኖ በዝናብ ሰዓት መቅዳት አይታሰብም። ቆርቆሮው ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ሲለጠጥ፣ ምሽት ላይ ሲኮማተርም «ቋ» ይላል፤ በለስላሳ ዘፈን መሐል ያ ድምፅ ከገባ ቆርጦ ማውጣት ያስቸግራል።

መፍትሔው እነሆ። ባለ 10 ሴንቲሜትር ሁለት ነጠላ ፍራሾች ውሰዱ፤ የጥጥ ፍራሽ ከተገኘ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከስፖንጁ ይመረጣል። የስፖንጁ ፍራሽ ላስቲክ ሽፋን ካለው አውልቁት፤ ላስቲክ ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ያንጸባርቃል። ሁለቱን አቁማችሁ ጥግ እንዲሠሩ አገናኟቸው፣ ዘፋኙ ጀርባውን ለጥጉ ሰጥቶ ይቁም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ፍራሹን ከማይኩ ጀርባ ያቆመዋል። ካርዲዮይድ የሚባለው የተለመደው የማይክ ዓይነት ከፊቱ ያለውን ይሰማል፣ ከኋላው ያለውን አይሰማም። ማይኩ የሚያየው ዘፋኙንና ከዘፋኙ ኋላ ያለውን ግድግዳ ስለሆነ መሸፈን ያለበት እሱ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከራስ በላይ በገመድ የተወጠረ ብርድ ልብስ ይጨመር። ከዚያ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ዝርር» የሚል የብረት ድምፅ ከተከተለ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ጋቢ ስቀሉበት።

ሐረር ያለ ሰው በዚህ ረገድ ታድሏል። ጌይ ጋር የሚባለው ባህላዊው የሐረሪ ቤት ለመቅጃ የተሠራ ይመስል ሁሉም አለው፦ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሰ ከፍታው የተለያየ መደብ፣ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች፣ የተሰቀሉ ስፌቶች። ድንጋዩ ውጭውን ያስቀራል፣ ምንጣፉና ትራሱ ይውጣል፣ ስፌቱና መደርደሪያው ድምፁን ይበትነዋል። ለዑድና ለሴቶች የኅብረት ዜማ ከዚያ የተሻለ ክፍል በብዙ ብር አይሠራም። የጁገል መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ የመኪናው ድምፅም ይቀንሳል። ነገር ግን ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ሲመዘገብ 82 መስጊዶች ተቆጥረዋል፤ አዛን በየአቅጣጫው ስለሚሰማ የቅጂው ፕሮግራም በሶላት ሰዓቶች መካከል መውደቅ አለበት።

ድሬዳዋ ላይም ሰዓት እንደ ዕቃ ይመረጣል። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ መንገዱ ይረጋጋል። ያ ሰዓት ለክራርና ለኪቦርድ ጥሩ ነው። ለድምፅ ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋቱ አዛን ያለው ይሻላል፤ በክብረ በዓላት ዋዜማ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሌሊቱን እንደሚሠራም አስቡ። ፍሪጅ ከሶኬት ይነቀል፤ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት። ቬንትሌተሩ ትልቁ ፈተና ነው። ሲጠፋ ዘፋኙ ያልበዋል፣ ሲበራ ድምፁ ቅጂው ውስጥ ይገባል፤ በአንዱ ቅጂና በሌላው መካከል አብርታችሁ ክፍሉን አቀዝቅዙ፣ ቅጂው ሲጀምር አጥፉት። ከቆመ በኋላም ክንፉ መዞሩን እስኪያቆም ጠብቁ። «በኋላ በሶፍትዌር አጠፋዋለሁ» የሚለው አያዋጣም፤ ድምፅ ማጽጃው የቬንትሌተሩን ሹሹታ ሲበላ የቃላቱን ጫፍም አብሮ ይበላል።

አሁን ወደ ማይክ። ለእነዚህ ከተሞች የመጀመሪያ ማይክ ዳይናሚክ (ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው ዓይነት) ይሁን ባይ ነኝ። «ዳይናሚክ ክፍሉን አይሰማም» የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው። ሰው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ተጠግቶ ስለሚዘፍንበት የራሱ ድምፅ የክፍሉን ድምፅ ይበልጠዋል፤ ምሥጢሩ ያ ነው። ሙቀትና አቧራም ብዙ አይጎዳውም። ሹር ኤስኤም58 እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚመረት ነው፣ ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ይሰማል፣ ጠንካራ ነው። ችግሩ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው ማይኮች አንዱ መሆኑ ነው። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ አስመሳዩ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ገበያ ውስጥ ሚዛን አይጠፋምና መዝናችሁ ግዙ።

ኮንደንሰር ማይክ (ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት የሚፈልገው፣ ይበልጥ ስሱው ዓይነት) የሚያስፈልገው ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ለዑድ፣ ለማሲንቆ፣ ለዋሽንት፣ ለለስላሳ የሴት ድምፅ የሚሰጠው ዝርዝር በዳይናሚክ አይገኝም። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ለምሳሌ ከኤስኤም58 በ17 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ ስለዚህ ሳውንድ ካርዱን (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ዕቃ) ብዙ አያስጮኸውም። በአንፃሩ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ፊት የሚታየው ሹር ኤስኤም7ቢ 60 ዲቢ ያህል ጌይን (ማጉላት) ይጠይቃል፤ በርካሽ ሳውንድ ካርድ ላይ ሲሰካ ከድምፁ እኩል ሹሹታው ይነሳል። ኮንደንሰር ከተገዛ አቧራ ጠላቱ ነው። ሥራ ሲያበቃ ላስቲክ ከረጢት አልብሱት ወይም ወደ ሳጥኑ መልሱት፣ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

በየሱቁ ቢኤም-800 ከቪ8 ሳውንድ ካርድ ጋር አንድ ላይ ታስሮ ይሸጣል። ስለዚህ ጥምረት ቁርጥ ያለ አስተያየት አለኝ፦ ለቲክቶክ ላይቭ ይሆናል፣ ለሙዚቃ ቅጂ አይሆንም። ቢኤም-800 የሚመጣበት ገመድ በአንዱ ጫፉ ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር (የማይክ መሰኪያ)፣ በሌላው የስልክ ጃክ ነው። ኮንደንሰሩ የሚገባውን ያህል ቮልት በጃኩ አያገኝም፤ ድምፁ ደካማ ይሆናል፣ ደካማውን ለማጉላት ሲሞከር ሹሹታው ይጎላል። ቪ8ቱ ደግሞ ኢኮና ሌላ ማሳመሪያ በቅጂው ላይ ያትማል፤ አንዴ ከታተመ አይወጣም።

የሚያዋጣው ባለ ሁለት መግቢያ ትክክለኛ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ለሙዚቃ ቅጂ የተሠራ ሳውንድ ካርድ) ነው። ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 እና ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ኃይላቸውን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ስለሚወስዱ መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ። ይህ እኛ ጋ ከማንኛውም ባሕርይ በላይ ነው። ታናሹ ዩኤምሲ22 ርካሽ ነው፣ ግን በ16 ቢት ብቻ ይቀዳል (ቢት የድምፁ መጠን የሚመዘገብበት ዝርዝርነት ነው)። በ24 ቢት ሲቀዳ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ) በታች 12 ዲቢ አካባቢ እንዲቀር ጌይኑን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ጥራት አይጎድልም፣ ዘፋኙ ድንገት ቢጮኽም አይሰነጠቅም። በ16 ቢት ያ ነፃነት ይጠባል። የአራተኛው ትውልድ 2አይ2 እስከ 69 ዲቢ፣ የሦስተኛው እስከ 56 ዲቢ ጌይን አለው፤ ዳይናሚክ ማይክ ለያዘ ሰው ይህ ልዩነት ይታያል።

ያገለገለ ኢንተርፌስ የሚገዛ ሰው መልቲሜትር ይዞ ይሂድ። 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ አብርቶ፣ በማይኩ መግቢያ ላይ በ1ኛውና በ2ኛው ቀዳዳ መካከል የዲሲ ቮልቱን ይለካ፣ ከዚያም በ1ኛውና በ3ኛው መካከል። ሁለቱም ከ44 እስከ 52 ቮልት መሆን፣ እርስ በርሳቸውም እኩል መሆን አለባቸው። አንደኛው ዝቅ ካለ ውስጡ ያለ ሬዚስተር ወይም ሶኬቱ ተበላሽቷል፤ መብራቱ ቢበራም አትመኑት። ቀጥሎ ማይክ ሰክታችሁ ጌይኑን ወደ ሦስት አራተኛ አድርሱ፣ ዝም ብላችሁ 30 ሴኮንድ ቅዱ፣ በራሳችሁ ሄድፎን አድምጡ። ከዚያ ገመዱን ሶኬቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት። «ክርክር» ካለ ዋጋው ምንም ቢረክስ አልፉት። ሁለቱንም መግቢያ ሞክሩ፤ ሻጩ የሚያሳያችሁ የሚሠራውን ነው።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ፤ መበየድ የሚችል ሰው ግን ራሱ ቢሠራ ያተርፋል። በኤክስኤልአር 1ኛው እግር ሽፋኑ፣ 2ኛው ፖዘቲቩ፣ 3ኛው ኔጋቲቩ ነው። 2 እና 3 ከተለዋወጡ ማይኩ ብቻውን ሲቀዳ ችግሩ አይታወቅም። ሁለት ማይክ በአንድ ከበሮ ላይ ሲሰካ ግን አንዱ የሌላውን ይሰርዛል፤ ከበሮው ሆዱ እንደወጣ ይቀጥናል።

መብራት ላይ ጊዜ ወስጄ ልጻፍ፤ እዚህ ብዙ ቅጂ የሚበላሸው በእሱ ነው። የኛ መስመር 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ቅጂ ውስጥ ወፍራም «ሙም» ከተሰማ 50 ወይም 100 ኸርዝ ላይ ያለ የመስመር ድምፅ ነው፤ ቀጭን «ዚዝ» ከሆነ ብዙ ጊዜ የላፕቶፑ ቻርጀር ነው። መመርመሪያው በቅደም ተከተል ይሂድ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ። ከጠፋ ምንጩ ታወቀ፤ በባትሪ ቅዱ፣ ሲያርፉ ሙሉት። ካልጠፋ ማይኩን ከገመዱ ንቀሉ፤ ድምፁ ከቀጠለ ችግሩ ገመዱ ወይም ኢንተርፌሱ ነው። ኪቦርድ ስትሰኩ ብቻ ከመጣ ኪቦርዱና ላፕቶፑ በሁለት የተለያየ ሶኬት ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ኤክስቴንሽን አምጡ። ስልኩን ከጠረጴዛው አርቁ፣ ኃይል ቆጣቢ አምፖሉንም አጥፍታችሁ ሞክሩ።

በብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሦስተኛው (ኤርዙ፣ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ኤርዝ የሌለው ቤት ውስጥ ብረት ያለው ማይክ ከንፈር ሲነካ «ንዝር» ካደረገ ሥራው ወዲያው ይቁም፣ ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ ኤርዙ ይቀበር። ሙምታውን ለማጥፋት ብሎ የሶኬት ኤርዝ እግር መቁረጥ ሰው ይገድላል።

ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልገዋል። በቅጂ መሐል መብራት ሄዶ ፋይሉ አልከፈት ካለ ተስፋ አትቁረጡ። የዌቭ ፋይል ርዝመቱን የሚጽፈው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ሳይጽፈው ስለተቋረጠ ነው ፕሮግራሙ ያልተረዳው። ድምፁ ግን ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ አለ። ኦዳሲቲን ክፈቱ፣ ከኢምፖርት ሥር ጥሬ ዳታ የሚለውን ምረጡ፣ ሲጠይቃችሁ ባለ 24 ቢት ሳይንድ ፒሲኤም፣ ሊትል ኤንዲያን፣ አንድ ቻናል፣ 48,000 ኸርዝ (ድምፁ በሴኮንድ የሚለካበት ብዛት) በሉት። መጀመሪያው ላይ አጭር «ጭጭ» ይሰማል፤ እሱን ቆርጣችሁ ቀሪውን ውሰዱ።

ሄድፎን ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ ዝግ የሆነ ይሁን። ሶኒ ኤምዲአር-7506 ወይም ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም40ኤክስ በቂ ናቸው። ኤኬጂ ኬ240 ለማዳመጥ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ከፊል ክፍት ስለሆነ የሪትሙ ድምፅ ወደ ማይኩ ይፈስሳል። ብሉቱዝ ለቅጂ አይሆንም፤ ይዘገያል። ሞኒተር ስፒከር ክፍሉ እስኪስተካከል ይቆይ።

መዘግየት ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። በ48,000 ኸርዝ በፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንድ ዙር የሚያስተናግደው የድምፅ ናሙና ብዛት) 256 ሲሆን አንድ ዙር 5.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፣ 1,024 ሲሆን 21.3። ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ደግሞ ቢያንስ እጥፉ ነው። ዘፋኙ ራሱን ዘግይቶ ከሰማ ሪትሙን ይስታል። ሲቀዳ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ሲደረግ 1,024 ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የዳይሬክት ሞኒተር ቁልፍ መጠቀም ነው፤ ድምፁ በኮምፒውተሩ ሳያልፍ ወደ ጆሮ ይመጣል። ቁልፉ ሲበራ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ሞኒተር አጥፉ፤ አለበለዚያ ዘፋኙ ራሱን ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ካለው ይበቃል። ድሬዳዋ ላይ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያኔ ቅጂው «ጠቅ ጠቅ» እያለ ይቆራረጣል። የኋላ ጎኑን በሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት፣ የውስጥ ቬንትሌተሩን አቧራ በየጥቂት ወሩ አስጠርጉ፣ ከባድ ፕለጊን (ተጨማሪ የድምፅ ማቀነባበሪያ) ያለበትን ትራክ ፍሪዝ አድርጉት፤ ፕሮሰሰሩን ያሳርፈዋል።

ሶፍትዌሩን እዚህ ድረስ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ድምፅና መሣሪያ ለሚቀዳ ሰው ሪፐርን እመርጣለሁ። መጫኛው ከ20 ሜጋባይት በታች ነው፣ በደካማ ላፕቶፕ ይሄዳል፣ 60 ቀን ሙሉ በሙሉ በነፃ ይሞከራል፣ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የሪትም ቢት ለሚሠራ ኤፍኤል ስቱዲዮ ይቀላል፤ በሙከራ ቅጂው ግን ሴቭ የተደረገ ፕሮጀክት ሳይገዛ ተመልሶ አይከፈትም። ሎጂክ በማክና በአይፓድ ብቻ ነው የሚሠራው። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ጸረ ቫይረስን አጥፉ ብሎ ይጀምራል፤ የሰው ሥራ ያለበትን ላፕቶፕ ለዚያ መክፈት ተገቢ አይደለም። የሪፐርን ፈቃድ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ቢከፍል አንዴ ብቻ የሚከፈል ነው።

የእኛን ሙዚቃ ሲቀዱ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሁለት ነገር መቀየር የግድ ነው። አንደኛው ምቱ ነው። ችክችካ በ6/8 ነው የሚሄደው፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን 4/4 ላይ ነው። ሳይቀየር ኳንታይዝ የተደረገ (ምቱ በፕሮግራሙ ልክ የተሰለፈ) ከበሮ መወዝወዙን ያጣል፣ ሰው ለምን እስክስታ እንደማይወርድለት አይገባውም። ሁለተኛው ቅኝቱ ነው። ኦቶቲዩን (የዘፋኙን ኖታ የሚያርመው ፕሮግራም) ሜጀር ወይም ክሮማቲክ ላይ ተትቶ አንቺሆዬ ከተዘፈነበት ድምፁን ወደማይገባው ኖታ ይጎትተዋል። ስኬሉን በእጅ አስገቡ። ከሲ ሲነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፤ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ፍጥነቱንም ቀስ ያለ አድርጉት፤ ፈጣኑ በጉሮሮ የሚደረገውን መንሸራተት ደረጃ ደረጃ አድርጎ ይቆራርጠዋል። እኔ ብጠየቅ ድጋሚ ማዘፈንን አስቀድማለሁ።

ማይኩ የሚቀመጥበት ቦታ በየመሣሪያው ይለያያል። ዘፋኝ በኮንደንሰር ሲቀዳ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ መሐል ላይ ፖፕ ፊልተር (የትንፋሽ ግፊት ማብረጃ) ይቁም፤ በሽቦ ክብ ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በአማርኛ «ቅ»፣ «ጥ» እና «ጭ» ድንገተኛ ጫፍ ስላላቸው ጌይኑን በዘፈኑ ከፍተኛ ቦታ ላይ አስተካክሉ። «ስ» እና «ሽ» ከተሳሉ ማይኩን ከአፉ አቅጣጫ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት። ክራር ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር፣ ወደ ቆዳው እንጂ ወደ እጁ ሳይነጣጠር። ፒክአፕ (የአውታሩን ንዝረት ወደ ገመድ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ክራር ደግሞ ኢንስትሩመንት የሚለው ቁልፍ በተጫነበት መግቢያ ይሰካ፤ በተራ መግቢያ ከገባ ይደበዝዛል።

ዑድ በምሥራቁ ሙዚቃ ውስጥ ቦታው ትልቅ ነው፤ የድሬዳዋው ልጅ ዓሊ ቢራም ተጫውቶታል። ማይኩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር፣ በድምፅ ቀዳዳውና አውታሮቹ በታሰሩበት ድልድይ መካከል ይነጣጠር። በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ከዞረ ያብጣል፣ ወደ መምቻው ከዞረ ጭረቱ ይበዛል። ማሲንቆን ወደ 40 ሴንቲሜትር አርቁ፤ የጭራው ፍትጊያ ከዜማው ጋር የሚመጣጠነው እዚያ አካባቢ ነው። ዋሽንት ከሚነፋበት ቀዳዳ ፊት አይቀዳም፣ ከጎን ነው። ከበሮ በሁለት ማይክ ሲቀዳ አንዱ በሰፊው፣ ሌላው በጠባቡ ፊት ይቁም፣ ከዚያ በአንደኛው ትራክ ላይ የፌዝ ቁልፉን (ሞገዱን የሚገለብጠውን) ተጭናችሁ አወዳድሩ፤ አንዱ ቆዳ ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ መገልበጡ ሆዱን ይመልሰዋል። የከበሮ ቆዳ በደረቅ ሙቀት ይከርራል፣ ሌሊት ይላላል። ቀን የጀመራችሁትን ዘፈን ሌሊት አትጨርሱት። ክራሩንም በየቅጂው መካከል በቲዩነር ፈትሹ።

ኪቦርድ በማይክ አይቀዳም። በሁለት የጃክ ገመድ ከግራና ቀኝ መውጫው ወደ ሁለቱ የላይን መግቢያዎች ይግባ፣ ኢኮው ከኪቦርዱ ላይ ይጥፋ። ዩኤስቢ ካለው ሚዲውንም (የተጫወታችሁትን ኖታ የሚመዘግበውን ዳታ) አብራችሁ ቅዱ፤ በኋላ የተሳሳተ ኖታ ቢገኝ ድጋሚ ሳይጫወቱ ይታረማል።

በ24 ቢት 48,000 ኸርዝ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የአምስት ደቂቃ ዘፈን በ16 ትራክ ወደ 700 ሜጋባይት ይጠጋል። በዕለቱ ሥራ ማብቂያ ሙሉ ፎልደሩ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፣ ዲስኩም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይዋል። ሚክሱን አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚሠራው ከሆነ እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ ዜሮ ሴኮንድ ጀምራችሁ፣ ዝም ያለበትንም ቦታ ሳትቆርጡ፣ ኢኮና ኮምፕረሰር (የጩኸቱንና የዝቅታውን ልዩነት የሚያጠበው) ሳይጫንበት በዌቭ አውጡት። የዘፋኙን ስሜት የያዘውን ሻካራ ሚክስ በተጨማሪ ላኩ። የፋይሎቹን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ፤ በግዕዝ የተጻፈ ስም በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። የዘፈኑን ፍጥነት፣ ቅኝቱን፣ ምቱ 6/8 መሆኑን በአንድ የጽሑፍ ፋይል አስፍራችሁ ከትራኮቹ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተቱት።